የሾፌሩ ማካካሻ

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን ስላለፈ አንዳንዱን አዛብቼው ይሆናል። የጠረጴዛው ጨርቅ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ እንኳ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። የተባለውን ግን ሳልጨምር ለመጻፍ ሞክሬያለሁ።

በፑል ቤቱ ዓመታዊ ውድድር ደካማ ተጫዋች ማካካሻ ይሰጠው ነበር። ሁለት ጨዋታ እንዳሸነፈ ተቆጥሮለት ይጀምራል። መክፈቻውም፣ ማለት ኳሶቹን የሚበትነው የመጀመሪያ ምት፣ የእሱ ነው። አምስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል።

መካኒኩ ይህን ደንብ አጥብቆ ይጠላ ነበር። ከደንቡ የባሰ የሚጠላው ግን የሚስቱን ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩን ነው። ሾፌሩ ባለ ማካካሻ ነበር። ሌላውን ሰው አልፎ አልፎ ያሸንፋል። ከአማቹ ጋር የገጠመ ዕለት ግን ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠች ኳስ ይስታል።

«ይሄ ሰውዬ እያስመሰለ ነው» አለ መካኒኩ ለፑል ቤቱ ባለቤት። «በምሳ ሰዓት ብቻውን ሲጫወት በመስኮት አየሁት። አንድ ኳስ ሳይስት ጠረጴዛውን ጠራርጎ አወጣው። እኔ ፊት ሲሆን ግን የቀረበችውንም ይስታል። ለምን? ማካካሻው እንዳይነሳበት!»

«ልምምድና ውድድር አንድ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እባብን ልቡን አይቶ እግር ነሳው። የዚህን ልብ እርስዎ አላዩትም።»

ወሬው ተዛመተ። ሾፌሩ በገባ ቁጥር «ባለ ማካካሻው መጣ፣ ወንበርም በነጻ ስጡት!» ይሉት ጀመር። እሱ ሳቅ ብሎ የመጫወቻ ዱላውን ያነሳል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከመሪው ከወረደ መዋያው ያ ቤት ብቻ ነበር።

እህቱ በውድድር ቀን ሻርፗን ወደ ፊት ስባ በሩ ላይ ትቆማለች። ወደ ውስጥ አትዘልቅም። ወንድሟን በዓይኗ ትጠይቀዋለች።

«እሱ ነው ያሸነፈው» ይላታል። ያን ሰምታ ትሄዳለች።

«ባሏን እንዲህ የምትወድ ሴት አላየሁም» ይል ነበር አንዱ።

በዚያ ዓመት ዕጣው ሁለቱን አማቾች አገናኘ። መካኒኩ ሰው ሰብስቦ ጮኸ። ባለቤቱም ነባር ተጫዋቾችን አማክሮ ወሰነ። ሾፌሩ ያለ ማካካሻ ይጫወት። እንደ ወትሮው ከደከመ ይቅርታ ይጠየቃል። ካሸነፈ ግን ስንት ጊዜ ሲያታልል ኖሯልና ስሙ «አታላይ» ተብሎ በሩ ላይ ይለጠፋል። ዳግመኛም ያንን ደጅ አይረግጥም።

ባለቤቱ ሾፌሩን ለብቻው ጠራው።

«መሸነፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ይሄ ደግሞ ላንተ ከባድ አይደለም።»

በዕለቱ ሾፌሩ ዘግይቶ ደረሰ። ጫማው አቧራ ለብሷል።

«የት ቆየህ? ፈራህ እንዴ?» አለ መካኒኩ።

«መንገድ ነበረኝ። በል ክፈት። መክፈቻው እስከ መጨረሻው ያንተ ይሁን።»

«ምጽዋት መሆኑ ነው?»

«እኩል እንጫወት ስትል አልነበር? እኔ ደግሞ ጨመርኩልህ።»

ሰዉ ሳቀ። «ሚስትህስ ዛሬ ቀረች?» አለ አንዱ መካኒኩን።

«እቤቷ ትቀመጥ! ይሄ የሴት ቦታ ነው?»

መካኒኩ ከፈተ። አንዲት ኳስ ገባች፣ ሁለተኛዋን ሳተ። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የራሱን ኳሶች በተራ አስገባና ጥቁሯን፣ የማሸነፊያዋን ኳስ፣ አስከተለ። ሁለተኛው ጨዋታም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። ባለቤቱ ተው በሚል ዓይን አየው፣ ራሱንም ነቀነቀበት። ሾፌሩ አልተወም። መካኒኩ አንድ ጨዋታ ሳያገኝ አለቀ።

«አላልኳችሁም! ሌባ! አላልኳችሁም!» ብሎ መካኒኩ ዱላውን ወለሉ ላይ ወረወረ። ፊቱ ደም መስሎ ነበር። የመከረውንም ያጽናናውንም ገፍትሮ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

«ምን ነካህ?» አለ ባለቤቱ ሾፌሩን። «አንድ ቀን መሳት አቃተህ?»

«ዛሬ ማሸነፍ አማረኝ፣ ጋሼ።»

ስሙ ተለጠፈ። ሲወጣ አንዱ እግሩ ሥር ምራቁን ተፋ። ሌላው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» አለ። ሾፌሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው ሄደ።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት አንድ ሰኞ ነው። በሾፌሩ አውቶቡስ ላይ ትኬት የምትቆርጥ ሴት፣ ሩቅ ከተማ የደረሱ ጊዜ ቀሚሷን ልታስጠግን አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትገባለች። ሰፊዋ የሾፌሩ እህት ሆና ተገኘች። ባሏ ጋራዥ እንደሄደ፣ በዚያው በውድድሩ ጠዋት፣ ወንድሟ ራሱ እየነዳ ያመጣት ናት። ቆራጯ በሩ ላይ ስለተለጠፈው ስም ነገረቻት። እህቱ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ባሌ ተሸንፎ በገባ ቁጥር የሚደበድበው እኔን ነበር» አለች።