ዕቃ እንዳይነካ

ትንሿን የካሪቢያን ደሴት ነፃ ያወጡት መሪ በሞቱ በዘጠነኛው ቀን፣ ባለቤታቸው እማማ ክላሪስ አልጋውን ለማዞር ጎረቤት ጠሩ። በደሴቲቱ ልማድ ዘጠኝ ቀን ከታዘነ በኋላ የቤቱ ዕቃ ቦታ ይቀየራል፤ ሟቹ ተመልሶ ቢመጣ ቤቱ ይጠፋውና ወደ መቃብሩ ይሄዳል።

የባህል ሚኒስትሩ ግን ቀድመው ደረሱ። "ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። መነጽራቸው እንኳ ካስቀመጡበት ንቅንቅ አይልም" አሉ።

"ይመጣል እኮ" አሉ እማማ ክላሪስ።

"የሚመጣው ቱሪስት ነው።"

"አርባ ዓመት ሙሉ ቁርሱን እየሠራሁ ስለ ነፃነት ሲናገር ሰምቻለሁ። ከሞተ በኋላማ አልችልም" አሉና ሻንጣቸውን ይዘው እህታቸው ዘንድ ገቡ።

በሳምንቱ ጠዋት የሙዚየሙ ዘበኛ ደወለ።

"እማማ፣ እሳቸው... ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውንም አድርገዋል። ቁርስ የታለ፣ ክላሪስ የት ሄደች እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?"

እማማ ክላሪስ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"ነፃ ወጥታለች በለው።"