ዶፍ ሲመጣ የሚነቀል ውታፍ

ሐጂ ጀይሉ ዲጂኖውን ይዘው ሲመጡ እኔ ቦዩ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። ጀርባዬን ለሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግድግዳ ሰጥቻለሁ። ከከፈቱት መጀመሪያ የሚፈሰው እኔ ላይ ነው።

ዝናቡ ገና እያካፋ ነው። ከኪቡሊ ኮረብታ አናት በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሐጂም የሚጠብቁት እሱን ነው። አሥራ ሁለት ክፍል ያከራያሉ፤ ለሁሉም ያለው አንድ ጉድጓድ ነው። ሲሞላ ዶፍ ይጠብቁና ከጎኑ ያለውን ውታፍ ይነቅሉታል። ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል። የሚወስደው በእኛ ደጃፍ ነው።

«ውጣ ልጄ፣ ልብስህ ይበላሻል» ይሉኛል።

«አልወጣም።»

እኚህን ሰው ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ከወሎ ወደዚህ የሰው አገር ስንመጣ ቤት ያፈላለጉልን እሳቸው ናቸው። ሲያልፉ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፤ ትከሻቸውን እስማለሁ።

ተከራይዋ ሱልጣና ከበሯ ላይ ሆና ትስቃለች። «እንዴ! ሙሀነድ መናገር ይችላል? ሦስት ዓመት ሙሉ ዲዳ ነው ብዬ በእጄ ሳወራው!»

«ኢሕሳን ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች» እላለሁ ለሐጂ። «የሳቢራ ልጅ። የእህቴ ልጅ። ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በመርፌ ሲወጓት ከረሙ። ሐኪሙ ምን አለን መሰለዎት? የሰው ዓይነ ምድር ሆዷ ገብቷል አለን።»

«አላህ ያሽራት። እና እኔ ነኝ ያበላኋት?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሱልጣና ሳቋን ታቆማለች።

«መምጠጫ መኪና ያስመጡ» እላለሁ።

«በየት በኩል ይግባ? ቦዳ ሞተር እንኳ ግድግዳ እየታከከ ነው የሚያልፈው። በጭንቅላቴ ልሸከመው?»

«ይሸከሙት! የራስዎ ነው፣ ይሸከሙት!»

አባቴ ቢሰማኝ በጥፊ ይለኝ ነበር። ሐጂ ግን አልተቆጡም። ዲጂኖውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ዝቅ ብለው ያዩኛል።

«ባለፈው ዶፍ ይህንን ማን እንደተዋሰኝ ታውቃለህ?»

ዲጂኖውን አየዋለሁ።

«ሳቢራ ናት። የእናንተም ጉድጓድ ሞልቶ ነበር። አጥባ መለሰችልኝ፤ ባለሙያ ናት።»

«ውሸት ነው!»

ግን ያን ቀን ማታ ከሥራ ስገባ፣ በጓሯችን ውታፍ ላይ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም ነበር። አይቼዋለሁ። አልጠየቅሁም።

ዝናቡ ይወርዳል። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ንዴቴ እንዳለ ነው፤ የምጥልበት ሰው ነው የጠፋኝ።

ቦዩ የእኛን ደጅ አልፎ፣ የጓሯችንንም ይዞ፣ ወደ ናካቶ ደጅ ይወርዳል። ናካቶ የዚሁ አገር ሴት ናት፤ ከእኛ በታች ትኖራለች። ልጇን አዝላ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነው። ቀና ስትል ቦይ ውስጥ ቆሜ ታየኛለች። እዚህ አገር ሰው ሲሠራ ካዩት ሳያመሰግኑት አያልፉም።

«ወባሌ ኩኮላ!» ትለኛለች ጮክ ብላ። ስለ ሥራህ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ቦዩን የምጠርግ መስሏታል።

ይህ ምስጋና የተለመደ መልስ አለው። ናካቶ ልብሱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ልጇ ጀርባዋ ላይ ዝናብ እየመታው፣ እስክመልስላት ትጠብቃለች።