ለማን ብዬ

ባምላኩ ሸሚዙን ገልቦ፣ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ የስኳሩን መርፌ ሊሰካ ሲል ከወንዙ ማዶ ዋይታ ተሰማ። እጁ ባለበት ቀረ። ሚስቱ ሀብትነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። ዋይታው ሌላ ጨመረ፣ ሌላም ጨመረ። የሞት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ወለተ ሐና ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። አልገባችም፤ ከደጃፉ ቆም ብላ፣ «አያ ባምላኩ፣ እግዜር ያጥናዎ! ወንድምዎ፣ አያ መሐሪ... ማታ እራታቸውን በልተው እንደተኙ፣ ጠዋት ቢቀሰቅሷቸው የሉም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

መሐሪ የባምላኩ ታላቅ ወንድም ነው። እስከዛሬ ጠዋት ድረስ ደግሞ መድኃኒቱ ነበር።

ይህን ከሀብትነሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ባምላኩ ስኳር አለብህ የተባለ ሰሞን አንድ ቀን ቢወጋ ሰንበቻውን ይተወው ነበር። ነርሷ ለመነችው፣ የንስሐ አባቱ ገዘቱት፣ ሀብትነሽም እግሩ ላይ ወድቃ «ስለኔ ብለህ» አለችው። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ» አላት፤ በማግስቱም የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ ሙቀት እንዳያበላሸው ከተቀበረበት የእርጥብ አሸዋ ማሰሮ ሳያወጣ ሠርግ ቤት ሄዶ አረቄውን ሲገለብጥ ዋለ። የሚስት ፍቅር ለስኳር የሚበጀው ይህን ያህል ነው።

ኋላ ወንድማማቾቹ በአባታቸው የበርበሬ ማሳ ድንበር ተጣሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። መሐሪ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና፣ «እኔን ከሱ ጋር ምን ያከራክረኛል? ስኳር ይዞታል፤ ስኳሩ ይፈርድልኛል» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

በነጋታው ባምላኩ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሥቶ ተወጋ። «በሁለት እግሬ ቆሜ እቀብረዋለሁ» አለ። አረቄ ተወ። ባዶ እግሩን ከቤት አይወጣም፤ ማታ ማታ እግሩን ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቁስል ይፈልጋል። ፍኖተ ሰላም ለቀጠሮ ሲሄድ ነርሷ ተደንቃ፣ «ጋሼ ባምላኩ፣ ምን ቢያገኙ ነው እንዲህ የበረቱት? እስቲ ለነዚህም ይንገሩልኝ» አለችው። ወረፋ ወደያዙት ዞሮ፣ «ወንድም ይኑራችሁ» አላቸው። የነርሷ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንዲህ ያለውን ወንድም ያብዛልን» አለች። ሀብትነሽ ከጎኑ ሆና «አሜን» አለች።

አሁን ያ ወንድም የለም።

ባምላኩ ሸሚዙን አወረደ። የተሞላውን መርፌ ከጎኑ ካለችው በርጩማ፣ ዱካው ላይ አስቀመጠው። አላለቀሰም፤ ደስም አላለው። አጨዳውን እንደጨረሰ ሰው ጉልበቶቹን አሻሸ።

«ተወጋና እንሂድ እንጂ» አለች ሀብትነሽ። «ለቅሶ ነው፤ ስንቀመጥ መዋላችን ነው።»

«ተይው።»

«እንዴት ተይው?»

«ለማን ብዬ?»

«ለኔ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መለሰችው። ዋጋውን ታውቀዋለች። ይህን ሰው ጠዋት ከመኝታው የሚያስነሣው እልህ ነው፤ ጠላት ካጣ ክረምቱን አይሻገርም። ጠላት ደግሞ በብድር አይመጣ። ቤቱ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ነጠላዋን አጣፋች።

«እሰይ!» አለች። «ተወው። እኔም አሸዋ ከማርጠብ አረፍኩ። ያረጋልም መጠበቅ ሰልችቶታል።»

«የቱ ያረጋል?»

«ስንት ያረጋል አለ? በሬ የሚያውሰን ነዋ! ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ዓይኑ እዚህ ነው። ‹ባሌ በሕይወት እያለ ነውር ነው፣ ትንሽ ታገሥ› አልኩት።»

ምስኪኑ ያረጋል! ሲያናግራት ቀና ብሎ እንኳ አያያትም።

«ቀልድሽን ተይ፤ የወንድሜ ለቅሶ ነው።»

«ምን ቀልድ አለው? ሴት ነኝ፤ አላርስ። በርበሬውን እሱ ያርሰዋል፤ እንግዲህ ድንበር የሚጋፋውም የለ። ተዝካርህን አልሰስትም፣ ደግሼ አወጣልሃለሁ። ጠላውን ጠጥቶ መራቂው ያረጋል ነው።»

ባምላኩ ፈገግ ሊል ቃጣው። ከነምላሷ ከነመርዙ ነው ያገባት። አላመናትም።

እንግዲህ የቀረው አንድ ነገር ነው። ስኳሩ ከመጣ ወዲህ አልጋቸው ላይ አብሯቸው የሚያድር፣ እሷ ለእናቷ እንኳ ያልተነፈሰችው፣ እሱም በጨለማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ስላለችለት ብቻ የሚመርቃት ነገር።

«ደግሞስ» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ካንተ ጋር መተኛት ከሬሳ ጋር መተኛት ከሆነ ስንት ዘመኑ? ወንድ መሆንህ ትዝ የሚለኝ ሱሪህን ሳጥብ ነው። ያረጋልም ያውቃል። ነግሬዋለሁ።»

የባምላኩ ፊት መጀመሪያ አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ ደም ለበሰ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ይመታኛል ብላ ቆመች፤ ቢመታትም በወደደች። እጁ ግን ወደ ዱካው ሄደ። መርፌውን አነሣ፣ ሸሚዙን ገለበ፣ ሰካው፤ እስከ መጨረሻው ገፋው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑን አንድ ጊዜ እንኳ ከሷ ላይ አላነሣም።

«እህል አምጪ» አለ።

ተወግቶ እህል ካልቀመሰ ይጥለዋል። ሀብትነሽ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ የዳጉሳ ቂጣውን በሳህን አቅርባ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

እጁን አልሰደደም። ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደሷ መለሰው።

«ቅመሺ።»

ቅመሺ የሚባለው ቂም ባደረበት ቤት፣ መርዝ ሲጠረጠር ነው። ካገባት ወዲህ ብሏት አያውቅም።

ሀብትነሽ ከዳሩ ቆርሳ ጎረሰች። አላመጠች። ባምላኩ ዓይኑን ከጉሮሮዋ ሳይነቅል እስክትውጥ ጠበቀ።