ከማሳው በላይ የተተከሉት ችካሎች

«ያ ሰውዬ ዛሬም መጥቷል» አለ አንሙት፣ በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቀ።

«ማን?» አለች ሚስቱ የኔአለም።

«ጡረተኛው ነዋ። ክር ይዞ፣ ደብተር ይዞ... ከማሳችን በላይ ሲንጎራደድ ነው ያረፈደው።»

«የተፋሰስ ሥራውን ሊያግዝ ነው የመጣው ተብሎ የለም እንዴ?»

«ደመወዝ ሳይከፈለው? ከሉማሜ ከተማ ድረስ እየተመላለሰ? አንቺም ታምኛለሽ...»



እውነቱን እንናገር ከተባለ አንሙት ያለ ምክንያት አልጠረጠረም። ወንድሙ ከተማ ዳር መሬት ነበረው። አንድ ቀን የማያውቃቸው ሰዎች መጥተው ችካል ተከሉ። «ለጥናት ነው» አሉት።

በዓመቱ መሬቱ የወንድሙ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንሙት ችካል ባየ ቁጥር መሬቱን ሊወስዱበት የመጡ ይመስለዋል።

ያለችው ደግሞ አንዲት ማሳ ናት። እሷንም ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቦረቦር ሠርቶባት በየክረምቱ እየገመጠ ወደ ወንዙ ይወስዳታል።

ወንዙም ወንዝ መሆኑ ቀርቷል። ክረምት ጭቃ ይሆናል፣ መጋቢት ሳይገባ ይደርቃል።

ለዚህ ነበር የአካባቢው ሰው ማኅበር አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ተራራውን ከከብት ከልሎ፣ ጥምቀት ሲያልፍ እርከን ሊሠራ የተስማማው። የእርከኑን መስመር የሚያወጡት ደግሞ እኒሁ ጋሽ ጸጋው የተባሉት የአፈር ጥበቃ ጡረተኛ ናቸው።

ጋሽ ጸጋው በክርና በውሃ ልክ እየለኩ ችካላቸውን መትከል ጀመሩ።

የጀመሩት ከየት መሰላችሁ?

ልክ ከአንሙት ማሳ በላይ...

«ይህን ሁሉ ማሳ አልፎ እኔ ጋ?» አለ አንሙት። ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ጋሽ ጸጋው አሟቸው ለሕክምና ደብረ ማርቆስ ሄዱ። አንሙት በሬ የጠፋበት መስሎ ተራራውን ወጣና ከማሳው በላይ ያሉትን አሥራ አንድ ችካሎች ነቃቀላቸው።

ነቅሎ ሲጨርስ ፈራ። በደንቡ መሠረት እርከን ያበላሸ ሰው ከማኅበሩ ይገለላል። ከተከለለው ተራራ ሣር አያጭድም፣ ለደቦም የሚወጣለት ሰው አያገኝም።

ስለዚህ ችካሎቹን ከማሳው ራቅ አድርጎ በዓይኑ ግምት መልሶ ተከላቸው። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ...

ሰው ምን ያውቃል? ችካሉን ተከትሎ ቆፈረ። ጋሽ ጸጋውም ሕመማቸው ጠንቶ ወራት ሳይመለሱ ቀሩ።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት የጣለው ዝናብ ዝቅ ባለው ቦታ ተጠራቀመና እርከኑን ደረመሰው። የአንሙትን ድንች ግማሹን ይዞት ሄደ። የጎረቤቱን የሙላቷን ገብስ ግን ጨርሶ ጠረገው። ሙላቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ጋሽ ጸጋውም ተሽሏቸው ኖሮ ማልደው መጥተው፣ የፈረሰውን እርከን ለክተው ነበር የደረሱት።

«ጋሼ፣ መስመሩ ለምን ተዛባ?» ሲል የኮሚቴው ሰብሳቢ መሳፍንት ጠየቃቸው።

አንሙት ከሰው ጀርባ ፈቀቅ አለ።

«የእኔ ስሕተት ነው» አሉ ጋሽ ጸጋው። «ይቅር በሉኝ። የሙላቷን ዘር እኔ እተካለሁ።»

ሕዝቡ ከእንግዲህ በእሳቸው መስመር አንድም ቀን ላይቆፍር ወሰነ። ሥራው በዚያው ቆመ።

የሚያሳፍረው ደግሞ ምን መሰላችሁ... ሰው አንሙትን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ያሞግሰው ጀመር።

«አንተ እኮ ገና ከመነሻው ጠርጥረኸው ነበር። የሰማህ ጠፋ እንጂ።»

አንሙት አልቻለም። ሮጦ ጋሽ ጸጋውን አስፋልት ላይ መኪና ሲጠብቁ ደረሰባቸው።

«ጋሼ... ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ስለካው የተዛባው ካንተ ማሳ በላይ ያለው ብቻ ነው። ችካል የሚፈራ ደግሞ ከሥሩ መሬት ያለው ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«እኔን ቢጠሉኝ መኪና ተሳፍሬ ቤቴ እገባለሁ። አንተ ግን የምትኖረው እዚሁ ነው፤ ልጆችህን የምትድረው እዚሁ ነው።»

«ከእኔ ማሳ በላይ የጀመሩትስ ለምን ነበር?» አለ አንሙት።

ጋሽ ጸጋው በጥያቄው ተገረሙ።

«ቦረቦሩ በሁለት ክረምት ጨርሶ የሚበላው ያንተን ነዋ፣ ወንድምዓለም። መቅደም የነበረበት ያንተ ነው።»

አንሙት እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሞ አለቀሰ።

በሳምንቱ እሑድ በዚያው ደጅ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ተነሣ። መንቀሉን፣ መልሶ መትከሉን፣ መፍራቱን... አንዱንም ሳይደብቅ ተናገረ።

ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ከሁሉ ቀድማ አፍ የከፈተችው ሙላቷ ናት።

«ጡረተኛው ስንት ሰጥቶህ ነው ጥፋቱን የምትሸከምለት?» አለችው።

አንሙት ቢምል ቢገዘት የሚያምነው ጠፋ። ጥፋቱን ያላመኑ ሰዎች ከማኅበሩም አላገለሉትም። ቢያገልሉት በወደደ ነበር።

ዘንድሮ ጥምቀት ሲያልፍ ተራራውን የወጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋሽ ጸጋው ክር ይዘረጋሉ፣ አንሙት ይቆፍራል። በሥር የሚያልፈው መንገደኛም ቆም ብሎ አሻቅቦ ያያቸውና «እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ምን እየዶለቱ ነው?» ይላል።

ወዳጆቼ... አትጠርጥሩ አልላችሁም። አንሙት በወንድሙ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ነው። ግን «ለምን እኔ ጋ ጀመሩ?» የሚለውን ጥያቄ በጥር ጠይቆት ቢሆን ኖሮ በሐምሌ የሙላቷ ገብስ ባልሄደ ነበር። በጠረጠራችሁት ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ፊት ለፊት ጠይቁት።

እስኪ እናንተ... ያን እሑድ ከሕዝቡ መሃል ተቀምጣችሁ ቢሆን አንሙትን ታምኑት ነበር? ኮሜንት ላይ እውነቱን ጻፉልኝ።

ሳያስቡ «እኔማ አምነው ነበር» የሚሉትን ግን እኔም ትንሽ እጠረጥራቸዋለሁ።