በአንድ ከሰዓት ሦስት ቀን

ታፈሰን ስለ ብርሃን ያስተማረው ሰው የለም። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍሉ ውስጥ በስልኩ ቪዲዮ እያየ፣ አንድ ቲማቲም በአምፖል ዙሪያ እያዞረ ነው የተማረው። ለምን ቲማቲም? እንደ ሰው ጉንጭ ክብ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደግሞ ሲሰለቸው ተነስቶ አይሄድም። በሁለት ዓመት ውስጥ የካምፓላ ሐበሾች ሰርግ ሲኖራቸው የሚደውሉት ለእሱ ሆነ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ብርሃን ሰዓት ይናገራል። የጠዋት ብርሃን ከጎን ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ ጥላው ይረዝማል። የቀትሩ ከአናት ይወርድና ከአገጭ ስር ያጠቁራል። የማምሻው ደግሞ እንደ ብርቱካን ይቀላል። ይህን ያወቀ ሰው ሰዓቱን መዋሸት ይችላል ማለት ነው።

እትዬ ራሂማ የመጡትም ለዚሁ ነበር። ኦዊኖ ገበያ ልብስ ይነግዳሉ፤ ለታፈሰ ግማሹን ሥራ ያገኙለት እሳቸው ናቸው። ሳሊህና ዛሂዳ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ አሉት። የሳሊህ የካናዳ ጉዳይ አልቋል፤ በወሩ መጨረሻ ይበራል። ዛሂዳ አብራው የምትሄደው ሚስቱ መሆኗን ካስረዳች ብቻ ነው። ቃለ መጠይቁ ሰኞ ነው፤ የሰርግ ፎቶ አምጡ ተብለዋል። የኒካሁን ጠዋት፣ የግብዣውን ቀትር፣ የመልሱን ማምሻ፣ ሦስት የተለያየ ቀን አስመስለህ አንሳልኝ አሉት።

«ሰርጋቸው መቼ ነበር?» አለ ታፈሰ።

«ጥያቄ አታብዛ ልጄ። የፋይል ነገር ብዙ አይወራም።»

ታፈሰ ነገሩ ገባው። ለወረቀት የሚጋቡ ሰዎችን አይቷል። እሱ ራሱ የስደተኛ ፋይል ካስገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንዲት ውሸት ሳይጨምርበት ተራውን ይጠብቃል። እንዲህ ያሉትን ሲያስብ ምራቁ ይመርረዋል። እትዬ ራሂማን እምቢ ማለት ግን ሁለተኛ ሰርግ አለማየት ነው። እሺ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሙየንጋ ወደሚባለው የሀብታም ሰፈር ሄዱ። ዛሂዳ የምታጸዳው ትልቅ ቤት ነው፤ አሠሪዎቿ ሳሎኑን ፈቅደውላታል። እትዬ ራሂማ ሦስት ዓይነት ልብስ በፌስታል ይዘው መጥተዋል።

በመጀመሪያ ሻይ መጣ። ዛሂዳ ለሳሊህ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፣ ለእትዬ ራሂማ አንድ። ታፈሰን ስንት እንደሚፈልግ ጠይቃ ሁለት ጨመረችለት።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ታፈሰ ለጠዋቱ ትልቁን መስኮት በስስ ነጭ ጨርቅ ሸፈነ፤ ጨርቁ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ፊት ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስላል። በወዲያ በኩል ባዶ የፖሾ፣ የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ዘረጋ። ነጭ ጆንያ ብርሃን ይመልሳል፤ የሚሸጠው መሣሪያም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም።

ብርሃኑ እሺ አለ። ሰዎቹ ግን እምቢ አሉ። ሳሊህ ግድግዳውን ያያል፣ ዛሂዳ ወለሉን። ታፈሰ በመሀላችሁ ቦዳ ሞተር ከነተሳፋሪው ያልፋል ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም። ግንባሯን ሳማት ሲለው ሳሊህ አላበው።

«እትዬ ባሉበት?»

ባልና ሚስት እንዲህ ነው እንዴ? ታፈሰ የሰርግ ቪዲዮ ሲያይ ነው የኖረው፤ እዚያ ሰው ይተቃቀፋል፣ ይሳሳማል፣ ያለቅሳል። እነዚህ እንደ እንግዳ ሰው ይተፋፈራሉ። ሌንሱን እየወለወለ አንገሸገሸው። የሚነካው ነገር ሁሉ የቆሸሸ ይመስለው ጀመር።

ይፈትናት ዘንድ አንድ ነገር ጠየቃት።

«የባልሽን ስም ንገሪኝ፤ አልበሙ ላይ ልጻፈው።»

ዛሂዳ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። ወደ እትዬ ራሂማ ዞረች።

«ሳሊህ በልና ጻፍ» አሉ እትዬ ራሂማ።

ስሙን እንኳ አላጠናችውም! ታፈሰ ወጥቶ ከጓሮው ቧንቧ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ተመልሶም የቆሸሸ መሰለው።

ለቀትሩ መብራቱን ከጭንቅላታቸው በላይ ሰቀለ። ለማምሻው ፍላሹን በብርቱካንማ ላስቲክ ጠቅልሎ ዝቅ አደረገ። ልብስ ተቀየረ፣ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ተቀየረ። ሦስቱም አምረው ወጡ። ሥራው በሙሉ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በጎን በኩል ትንሽ መስኮት አለ፤ የብረቷ ጥላ ሰዎቹ እግር ስር ወለሉ ላይ ያርፋል። ፀሐይ ስትሄድ ጥላ ይሄዳል፤ በጠዋትና በማምሻ አንድ ቦታ ሊገኝ አይችልም። ፎቶ የሚያይ ሰው ፊት ነው የሚያየው፤ የጠረጠረ ግን ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። ታፈሰ ገና ከመጀመሪያው መስኮቷን በጨርቅ ሸፍኗት ነበር። ዛሂዳን የባሏን ስም ከጠየቃት በኋላ ግን ጨርቋን አውርዶ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተታት፤ የጠዋቱንም ፎቶ ጥላው እንዲገባበት እንደገና አነሳው።

እሑድ አሳትሞ ሰጣቸው። ሳሊህ በሁለት እጁ ተቀብሎ መረቀው። ታፈሰ ቶሎ ዞሮ ሄደ፤ ምርቃቱም ቀፈፈው።

ማክሰኞ እትዬ ራሂማ ሦስቱን ፎቶዎች ይዘው ክፍሉ ድረስ መጡ። ጠያቂዋ ጎን ለጎን ደርድራ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወለሉን አሳየቻቸው አሉ። ሳሊህ ብቻውን ይበራል። ዛሂዳ ፋይሏ ተዘግቷል፤ ሁለተኛ ማመልከት አትችልም።

«አውቄ ነው የተውኩት» አለ ታፈሰ። «ስሙን የማታውቀውን ሰው ባሌ ነው የምትል ሴት እኔ አላሳልፍም። የእውነተኛ ሰው ወረፋ ነው የሚበሉት። ያን ቀን የተጸየፍኩትን ያህል በሕይወቴ ተጸይፌ አላውቅም፣ እትዬ።»

እትዬ ራሂማ ፎቶዎቹን አልጋው ላይ አስቀመጡለት።

«የሰርጓ ቀን ሂና የቀባኋት እኔ ነኝ፤ ደሴ፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አልበማቸው ከነቤታቸው ተቃጠለ እንጂ አንተ ዘንድ አናመጣቸውም ነበር፤ በእኛ አገር ደግሞ ጨዋ ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም።»