የሸሸችው የሙሽራ መኪና

መኪና ራሱን መንዳት ጀምሮ መሪ የሚባል ነገር ከቀረ ወዲህ ማንም አይነዳም፤ ሁሉም ይሳፈራል እንጂ። ሙሽራው ደምመላሽም ከሚዜው ጋር በኤሌክትሪክ መኪናው ተሳፍሮ ከሙሽሪት ደጅ ደረሰ። የሙሽሪት ዘመዶች እንደ ወጉ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ «አናስገባም!» እያሉ በሩ ላይ ይጨፍራሉ። ደምመላሽ ሊወርድ ሲል የመኪናዋ በሮች ተቆለፉ።

«የተቆጣ ሕዝብ አይቻለሁ። አይዞዎት፣ አድንዎታለሁ» አለች መኪናዋ።

«ኧረ አማቾቼ ናቸው!»

ማን ሰምቶት! የኋሊት ተፈትልካ የሠርጉን ድንኳን ገመድ በጥሳ ድንኳኑን ጣለችው። የሙሽሪት አጎት ዘለው ባያመልጡ ኖሮ ሠርጉ ለቅሶ ይሆን ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ገብታ ስትቆም ብቻ በሮቿን ከፈተች።

ሙሽሪት ወይንሸት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ዘመዶቿን አስከትላ በእግሯ መጣች። «ባሌን መልሱልኝ!»

ፖሊሶቹ ሳቃቸው መጣ። እነሱም ተያይዘው የግቢውን በር ዘጉባትና ጨፈሩ፤ «አናስወጣም!»

የመኪናዋ መብራት ቦግ አለ። «የተቆጣ ሕዝብ...»

ደምመላሽ በሮቹ ዳግም ሳይቆለፉ ሚዜውን ጎትቶ ዘሎ ወረደ። መኪናዋ ባዶዋን በጓሮ በር ሸሸች።

«ትሂድ» አለች ወይንሸት ክንዱን ይዛ፣ «በእግራችን እንገባለን። ድንኳኑን የሚያቆም ሰው ጠፍቷል፤ ና፣ አንተ ታቆማለህ።»