ሻይ የቀረበለት ሰው

የእግር ኳስ ክለቡ በረኛ ብራድሾ የአሠልጣኙን ቢሮ በር ከኋላው ዘግቶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። «ሻይ የለም! ጠብታ እንኳን!» ይላል። መተላለፊያው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ይስቃሉ። ዌስሊ ኦርመሮድም ይስቃል፤ የእሱ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነው።

የውድድር ዘመኑ ባለፈው ቅዳሜ አልቋል። ዛሬ ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሰናበት የሚነገርበት ቀን ነው። አሠልጣኙ ክሌግ የሚያስቀረውን ሰው ቆሞ ጨብጦ ይሸኘዋል። የሚያሰናብተውን ግን አስቀምጦ ሻይ ያስቀርብለታል፣ ከነብስኩቱ። ሻይ ጠጥቶ ለወጣ ሰው ማልያ አጣቢዋ ዶሪን ከጥቅልሉ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ቆርጣ ትሰጠዋለች፤ ጫማዎቹን በእሱ ይዞ ይሄዳል። ቅድም የግራ ተከላካዩ እንዲሁ ሆኖ ሄዷል። ብስኩቱን ግን አልማረውም።

ዌስሊ ከረጢት ከማንም አይቀበልም፤ የራሱን አጣጥፎ በጃኬቱ ኪስ ይዞ ነው የሚመጣው። አጥቂ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ይህ ዘጠነኛ ክለቡ ነው። ልጁ ኤዲ አሥር ዓመቷ ሲሆን አሁን የምትማረው አምስተኛ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ «አባዬ፣ ዘንድሮ ጓደኛ አለችኝ» አለችው። እንቅር ብላ አልለመነችውም። ብትለምነው ይሻለው ነበር።

«አያቴ፣ ምነው ላብ በላብ ሆንክ?» ይለዋል አጠገቡ የተቀመጠው የክንፍ ተጫዋች ካላም። «ሜዳ ላይ እንኳን እንዲህ አልቦህ አያውቅም።»

«ሜዳ ላይ ኳስ ስትሰጠኝ አይደል የሚያልበኝ? መቼ ሰጥተኸኝ ታውቃለህ?»

ይሄኔ የክለቡ ሊቀመንበር ከደረጃው ብቅ ይልና ማንንም ሰላም ሳይል ወደ ክሌግ ቢሮ ይገባል። ዌስሊ ሰዓቱን ያያል። አራት ደቂቃ። ሊቀመንበሩ ሲወጣ ዓይኑ ዌስሊ ላይ ያርፍና ወዲያው ይሸሻል። በጀት ተቀንሷል ማለት ነው፤ በጀት ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሽማግሌ አጥቂ ነው፤ ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ወኪሉ ነው።

«ዌስ፣ የደቡቡ ክለብ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ። የአንድ ዓመት ውል ነው። ሌላ አጥቂ በር ላይ አቁመዋል፤ አሁኑኑ ካልፈረምክ እሱን ይወስዳሉ።»

«ተራዬ ደርሷል እኮ። ከክሌግ ዘንድ ስወጣ ልደውልልህ።»

«ያኔ ከሁለት ያጣ ትሆናለህ። አንተ ታውቃለህ።»

የደቡቦቹ ከተማ በመኪና አምስት ሰዓት ይርቃል። ዌስሊ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ዶሪን ከወጥ ቤት ትመጣለች። ትሪ ይዛለች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ስኒ፣ ብስኩት። እሱን ሳታየው አልፋ በክርኗ በሩን ገፍታ ትገባለች። ካላም ቀልዱን ይተውና እጁን ዌስሊ ጉልበት ላይ ጣል ያደርጋል። ዌስሊን ከሻዩ ይልቅ ያቺ እጅ ታስፈራዋለች።

ስምንት ክለብ አሰናብቶታል። አንዴ በደብዳቤ፣ አንዴ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አንዴም ዜናውን ከሬዲዮ ሰምቶ። ከመባረሩ ይልቅ አስቀምጦ የሚያዝንለትን ሰው ፊት ማየት ነው የሚከብደው። ዛሬስ አያይም።

«ወረቀቱን ላክልኝ» ይላል። ወረቀቱ ወዲያው ይመጣል፤ በአውራ ጣቱ የስልኩ መስታወት ላይ ስሙን ይጽፋል። እፎይ ይላል፤ ለግማሽ ደቂቃ ያህል።

ዶሪን በሩን ከፍታ «ግባ፣ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ክሌግ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። ሻዩን የሚጠጣው እሱ ራሱ ነው።

«ተቀመጥ። እኔ አላዘዝኩም፤ ዶሪን ናት አፍልታ ያመጣችልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ስሸኝ አይታ፣ ዛሬ ለኔም አፈላችልኝ።»

ዌስሊ አልገባውም።

«ሊቀመንበሩ አባረረኝ፣ ዌስ። ቅድም፣ በአራት ደቂቃ። ቁጭ እንኳን አላለም።» ክሌግ ስኒውን ያስቀምጣል። «አንተ ግን አትደንግጥ። የሚቀሩትን ስም ትናንት ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ፈርሞበታል። ሁለት ዓመት ነው ያንተ። ከዚያም ታዳጊዎቹን እያሠለጠንክ እዚሁ ትኖራለህ። በቃ፣ ያቺ ልጅ አንድ ቦታ ትደግ።»

ዌስሊ ጨንቆት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፣ የጋለ ነገር እንደያዘ ሰው።

«ምነው? ደስ አላለህም እንዴ?»

«ደስ ብሎኛል፣ አለቃ። እግዜር ይስጥዎት።»

ክሌግ ይነሳል። የሚስቱን ፎቶ ከጠረጴዛው፣ ፊሽካውን ከሚስማሩ ያነሳና የሚያደርግበት አጥቶ ዙሪያውን ይቃኛል። በሩ ላይ የቆመችው ዶሪን ለእሱ ከረጢት ቆርጣ ለመስጠት እጇ አልታዘዘላትም። ዌስሊ የራሱን ከኪሱ ያወጣል፤ አራግፎ ይዘረጋውና አፉን በሁለት እጁ ከፍቶ ይይዝለታል።

ክሌግ ፎቶውን በቀስታ ያስገባል። ጠረጴዛው ላይ የዌስሊ ስልክ ይበራል። «አለቀ፤ ደቡቦቹ ለደጋፊዎቻቸው አሳውቀዋል» ይላል የወኪሉ መልእክት። ወዲያው ከሥሩ የዌስሊ ሚስት መልእክት ይመጣል፦ «ኤዲን ልወስዳት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ምን ልበላት?»

ክሌግ ፊሽካውን ይጨምራል፣ ከዚያ ሹራቡን፣ ከዚያ ደብተሮቹን አንድ በአንድ። ከረጢቱ እየከበደ ይሄዳል፤ ዌስሊ ግን እጁን መልቀቅ አይችልም።